ወባ ጥሎት የማይሄደው ዕቃ

መስቀል አልፎ በቆሎው ሲያሸት ወባ እንደሚመጣ ለፍኖተ ሰላም ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የቀድሞ ሰዎች «ንዳድ» ይሉት ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ያለውን የሀገራችንን ክፍል ሲመታ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ እንደሞተ ተገምቷል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬም የሚገኙት በዚሁ የከፍታ ክልል ውስጥ ነው። በማግሥቱ፣ በ1959፣ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ።

ወባ ግን አልጠፋም። በ1998 ቡሬ አካባቢ ወረርሽኝ ተነሣ። ተመራማሪዎች ነገሩን ሲከታተሉ ከበቆሎ ጋር አገናኙት፤ የበቆሎው ብናኝ ኩሬ ውስጥ ሲወድቅ ለትንኟ እጭ ቀለብ ይሆናል። ትንኟ እንግዲህ ጓሮ ድረስ ገብታለች። ማይክሮስኮፑ ግን ያለው ከተማ ነው። ታዲያ የገጠሩን ትኩሳት ወባ ነው አይደለም የሚለው ማነው?

መልሱ የተጀመረው ከጎጃም ርቆ፣ እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ነው። በ1975 ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን አንቲቦዲ የሚሠራን የአይጥ ሴል ከካንሰር ሴል ጋር አዋሃዱ። የተገኘው ሴል አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ሳያቋርጥ ያመርታል። ሥራው በ1984 ኖቤል አሸለማቸው። ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንዲት ጠብታ ደም ጨምራ የምትጠብቃት መስመር የዚያ ልጅ ናት፤ አንቲቦዲው የሚፈልገውን ፕሮቲን ሲይዝ መስመሯ ትቀላለች።

ችግሩ የሚፈለገው ነገር ላይ ነው። ብዙዎቹ ምርመራዎች የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ የሚያመነጨውን ኤች አር ፒ 2 የተባለ ፕሮቲን ነው። ተሕዋሱ ግን ያለ እሱም መኖር ይችላል። በ2021 የወጣ ጥናት፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በሚያዋስኑን አካባቢዎች፣ የዚህ ፕሮቲን ዘረ መል በመጥፋቱ ብቻ 9.7 በመቶ የፋልሲፓረም ሕሙማን በምርመራው ሊያመልጡ እንደሚችሉ ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ይህ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ምርመራው ይቀየር ይላል።

ወደ ምን ይቀየር? ወደ ኢንዛይም። ኤል ዲ ኤች የሚባለው የተሕዋሱ ኢንዛይም ከስኳር ጉልበት የሚያወጣበት ነው፤ ጥሎት ከሄደ ይሞታል። ኤች አር ፒ 2 ከታከምን በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ሲቆይ፣ ኢንዛይሙ ግን ተሕዋሱ ሲሞት ቶሎ ይጠፋል። እንከንም አለው፤ በደም ውስጥ ያለው ተሕዋስ ጥቂት ሲሆን መስመሯ ላትታይ ትችላለች።

ስለዚህ፣ ወዳጆቻችን፣ ለእኛ የታሪኩ ትርጉም ይህ ነው፦ የመስመሯ አለመታየት ብቻውን ጤና ነን ማለት አይደለም። ለበዓል ወደ ብር ሸለቆም ሆነ ወደ ቡሬ ገጠር ወርደን ስንመለስ ትኩሳት ከያዘን እንመርመር። «የለም» ተብለንም ትኩሳቱ ካልለቀቀን ተመልሰን እንሂድ፤ የሄድንበትን አገር እንንገር፤ ማይክሮስኮፕ ካለም ደማችን ይታይልን። ገጠር ያሉ እናቶቻችንም ይህን እንዲያውቁ ዛሬውኑ ስልክ እንደውልላቸው።