ድንጋይ ያኝክ የነበረው ፍሪትዝ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ፍሪትዝ የተባለ የቀድሞ የፖሊስ ውሻ ድንጋይ እያኘከ ጥርሱን ጨረሰ። ጌታው ጆ ማርክሃም አንድ ቀን የቮልስዋገን መኪናውን ሲጠግን የወላለቁ ዕቃዎችን ወረወረለት። ፍሪትዝ የወደደው ከመኪናው ሥር የወጣውን የጎማ ክፍል ነበር።

ኮንግ የተባለው፣ መሐሉ ክፍት የሆነው የጎማ መጫወቻ መነሻው ይህ ነው። ማኘክ የውሻ ተፈጥሮ ስለሆነ፣ በዱላ ከመቅጣት ይልቅ የሚታኘክ ምትክ መስጠት እጅግ የተሻለ መንገድ ነው።

ዕቃ መዋጥ ግን ከማኘክ የከፋ አደጋ አለው። ካልሲ አንጀት ሊዘጋ ይችላል፤ ከአፍ ወይም ከፊንጢጣ የተንጠለጠለ ክር ሲጎተት አንጀት ሊቀድ ይችላል። ስለታም ነገር የዋጠን ውሻ በግድ ማስመለስም ጉሮሮውን ሊያቆስል ይችላል።

ውሻዎ ዕቃ ከዋጠ፣ ሕመም እስኪታይበት ሳይጠብቁ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።