ነጋድራስ፦ የነጋዴው አለቃ ወይስ የንጉሡ?

«ነጋድራስ» ማለት የነጋዴዎች አለቃ ነው። በጎንደር ዘመን መኳንንቱ ንግድን ይንቁ ነበር፤ ርስት የተነፈጉት ሙስሊሞች የሲራራ ንግዱን በስፋት ያዙት። ከነጋድራሶቹም መካከል ሙስሊሞች ነበሩ። ነጋድራሱ የነጋዴውን ክርክር ይዳኛል፤ ለንጉሡም ቀረጥ ይሰበስባል። ሿሚው ንጉሡ ነውና ቀረጡ ሲከብድ ለነጋዴው መሟገት ይቸግረው ነበር።

በ1939 ዓ.ም የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ተቋቋመ። በደርግ ዘመን ምክር ቤቶቹ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ወደቁ። በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 341 እንደገና አደራጃቸው፤ መሪያቸውን የሚመርጡትም አባላቱ ሆኑ።

ዛሬ ሐዋሳ ላይ ሱቅ የከፈትክ ወንድሜ፣ የከፈትሽ እህቴ፣ ግብር ሲበዛ ለብቻ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት ይብቃ። አባል ሁኑ፣ በጉባኤው ድምፅ ስጡ። የተሾመባችሁን ትለምኑታላችሁ፤ የመረጣችሁትን ግን ትጠይቁታላችሁ።