የነፍጥና የጥይት ስሞች ለታሪክ ያላቸው ጥቅም

ነገርን ሁሉ በስሙ ለይቶ መጥራት የዕውቀት መጀመሪያ ነው። ስለ አባቶቻችን ጦርነት የሚጽፉ ብዙዎች የጠመንጃውን ብዛት አጥብቀው ይቈጥራሉ፤ የጠመንጃውን ዓይነትና የጥይቱን ክፍል ግን ሳይለዩ ያልፋሉ። ከዚህም የተነሣ የታሪኩ ዋና ምክንያት ተሰውሮ ይቀራል።

ነፍጥ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የሚቀጣጠለውን ዘይት ያመለክት ነበር፤ ኋላ ግን በባሩድ ለሚተኰሰው መሣሪያ ስም ሆነ። ባሩድና መድፍም እንዲሁ ከዐረብኛ የተወረሱ ናቸው። ሽጉጥ ግን ሸጐጠ ከሚለው ከራሳችን ግሥ የወጣ ነው። ከጠመንጃውም አካል አረሩ የሚወጣበት አፈ ሙዝ፣ በትከሻ የሚደገፈው ሰደፍ፣ ጣት የሚስበው ምላጭ፣ በጫፉ የሚሰካው ስለት ሳንጃ ይባላል።

በ1533 ዓ.ም. ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር የዘመቱት 400 ያህል ፖርቱጋሎች የያዙት ነፍጥ በአፉ በኩል የሚጐርስ ነበር። ተኳሹ ባሩዱን ያፈስሳል፤ አረሩን ይጨምራል፤ በዘንግ ይጠቀጥቃል፤ ከዚያም በሚነድ ክር ያቀጣጥላል። እንዲህ ላለው ነፍጥ እርሳስ ማቅለጥና ባሩድ መቀመም የሚያውቅ ባለሙያ በአገር ውስጥ ይበቃ ነበር።

ኋላ ግን አረር፣ ባሩድና ማቀጣጠያ በአንድ ቀለህ ተሰብስበው ጥይት ሆኑ፤ ጠመንጃውም በኋላው በኩል የሚጐርስ ሆነ። እንግዲህ ጥይት ሙሉው ነው፤ አረር በርሮ የሚሄደው ነው፤ ቀለህ ከተኰሱ በኋላ የሚቀረው ነው። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመቱት ስናድር ይዘው ነው። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የተሸነፈው የግብፅ ጦር የታጠቀው ረሚንግቶን ነበር። ውጅግራም የተባለው ፈረንሳዮች ፉዚ ግራ የሚሉት ነው።

የስናድር ጥይት ለውጅግራ፣ የውጅግራም ለረሚንግቶን አይሆንም። ስለዚህ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት ጠመንጃው ልዩ ልዩ እንደ መሆኑ መጠን ለእያንዳንዱ የራሱ ጥይት ሊዘጋጅለት ያስፈልግ ነበር። ጥይቱም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለ ሆነ የወደብ ነገር የነገሥታቱ ትልቅ ጭንቀት ነበር። ጥይት ከመወደዱ የተነሣ በአንዳንድ ገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር።

ጥይት የሌለው ጠመንጃ ከዱላ አይሻልም። ስለዚህ መምህራንና ተማሪዎች በየአገራችሁ ከሽማግሌዎች አንደበት እነዚህን ስሞች ጠይቃችሁ ብትጽፉ፣ በዝናር ውስጥ ስንትና ምን ዓይነት ጥይት እንደ ነበረ የሚጠይቅ፣ ቍጥር ብቻ የማይቈጥር የታሪክ ጸሓፊ ታፈራላችሁ።