የጎጀብ ወንዝና የካፋ ውሃዎች፤ ስለ ወሰን፣ ስለ ክረምትና ስለ ዓሣ

በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ተራራማ አገሮች ክረምት ማለት ወንዝና ሐይቅ በበረዶ የሚዘጋበት፣ ዓሣ አጥማጁም የረጋውን ውሃ ነድሎ በቀዳዳው መንጠቆ የሚያወርድበት ወራት ነው። በኢትዮጵያ ግን ይኸው ቃል የዝናምና የሙላት ጊዜን ያመለክታል። በባሌ የሰነቲ አምባ ላይ በበጋ ሌሊት በኩሬዎች ዳርቻ ስስ በረዶ መርጋቱ የታወቀ ቢሆንም፣ ፀሐይ ወጥቶ ጥቂት ሲቆይ ይቀልጣል፤ ወንዝ ግን አይዘጋም። በዚህ አገር ወንዝን የሚዘጋው ውርጭ ሳይሆን ጎርፍ ነው። የካፋን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ይህ ነገር እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም፤ የካፋ መንግሥት ወሰን፣ ንግድና ጦርነት ሁሉ ከወንዙ መሙላትና መጉደል ጋር ተያይዞ የኖረ ነውና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓመተ ምሕረት» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለ፣ በደን በተሸፈነ ኮረብታማ አገር ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በአካባቢው በዓመት የሚወርደው ዝናም ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ የሚጥለውም በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ሳይሆን ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ነው። ስለዚህ የካፋ ጅረቶች እንደ ሰሜኑ ደጋ ወንዞች በበጋ ፈጽመው አይደርቁም። ጎጀብም ከምዕራቡ ደጋ ተነሥቶ፣ የቦንጋን አገር በሰሜን በኩል ዞሮ፣ ወደ ምሥራቅ እየወረደ ከግቤ ጋር በመገናኘት ኦሞ የሚባለውን ታላቅ ወንዝ ያበዛል። በታኅሣሥና በጥር ውሃው ይጠራል፤ ድንጋዩም ይታያል፤ በእግርም ሆነ በበቅሎ የሚሻገሩበት መልካ ይገኛል። በሰኔና በሐምሌ ግን ወንዙ ቀይ ጭቃ አዝሎ፣ ግንድ እየገነደሰ ይወርዳል፤ በዚያን ጊዜ በቀድሞው ዘመን ከማዶ ያለ ሰው በማዶ ይቀር ነበር።

በጎጀብ ሰሜን የጅማ፣ የጌራና የሊሙ እናርያ መንግሥታት፣ በደቡቡ ደግሞ «ታቶ» ይባሉ የነበሩት የካፋ ነገሥታት ተቀምጠው ነበር። የካፋ ሰዎች ግን ወንዙን ብቻ አምነው አልኖሩም። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው፣ በእንጨት አጥር አጥረው፣ መግቢያውን በኬላ ወስነው ነበር። በኬላዎቹ ዘብ ይቆሙ ከነበሩት መካከል ማንጆዎች ይገኙባቸዋል፤ እነዚህም በአደን የሚተዳደሩ፣ የሚበሉት የአውሬ ሥጋ ርኩስ ነው ተብሎ በሌላው ሕዝብ ዘንድ የተናቁ ወገኖች ነበሩ። ከአንድ ማዕድ አብሯቸው ለመብላት የማይፈቅደው ሕዝብ የአገሩን በር ለእነርሱ አደራ መስጠቱ ከፍ ያለ ምርምር የሚገባው ጉዳይ ነው።

በዚህ በር ከአውሮፓ ሰዎች አስቀድሞ ያለፈው አንቷን ዳባዲ ነው። እርሱም በ1843 መጨረሻ ገደማ የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ንጉሥ ቤት ሙሽራ ለማምጣት በላካቸው ሰዎች መካከል ተጨምሮ ጎጀብን ተሻገረ፤ በቦንጋም ጥቂት ቀናት ብቻ ቆይቶ ተመለሰ። የባዕድ አገር ሰው የሚገባበት መንገድ እንዲህ ጠባብ ነበር፤ ወንዙ በጎደለበት ወራትና በነገሥታት ጋብቻ ጥላ ሥር ካልሆነ በቀር አይቻልም። ከእርሱ በኋላ የካፑቺን ሚሲዮናዊው ማሳያ ከ1859 እስከ 1861 በካፋ ተቀምጦ ሲያስተምር ቆይቶ በመጨረሻ ተባርሮ ወጣ።

ዳባዲን ወደዚያ የሳበው የሙሽራይቱ ሠርግ አልነበረም። በዘመኑ የአውሮፓ ሊቃውንት የነጭ ዓባይ ምንጭ የት እንደ ሆነ አጥብቀው ይከራከሩ ነበር። ጎጀብና ኦሞ ወዴት እንደሚፈስሱ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም፤ ከፊሎቹ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይወርዳሉ ሲሉ፣ ከፊሎቹ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባሉ ይሉ ነበር። ዳባዲ የሁለተኛው አሳብ ደጋፊ ሆነ። በጥር 1846 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ወደ ግቤ ምንጭ ሄዶ፣ የነጭ ዓባይ ራስ ይህ ነው ሲል የፈረንሳይን ባንዲራ ተከለ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ግን ነገሩን በምንጩ ብቻ ሳይወስን፣ ዳባዲ ካፋ ደርሷል መባሉንም ጭምር ካደ፤ በ1850 የክርክር መጽሐፍ አሳተመ፤ ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የተሰጠውንም የወርቅ ሜዳይ መለሰ። ቢክ በጎጃም ገበያ ከነጋዴዎች የሰማውን በማነጻጸር የጻፈው ምንም እንኳ ጥበብ የሞላበት ቢሆን፣ ሰውየው በእግሩ የሄደበትን መንገድ አልሄደም ማለቱ ከመጠን ያለፈ ነበር። ስለ ወንዙ ግን ዳባዲ ተሳስቶ ነበር። በ1896 ቦቴጎ የኦሞን ወንዝ ተከትሎ እስከ ሩዶልፍ፣ ማለት እስከ ቱርካና ሐይቅ ወርዶ፣ ውሃው በዚያ እንደሚያበቃ አረጋገጠ።

ሆኖም ዳባዲ የተሳሳተው በዘመን እንጂ በቦታ አይደለም ቢባል ፈጽሞ ሐሰት አይሆንም። ለዚህም ምስክሮቹ ዓሦቹ ናቸው። በቱርካና ሐይቅና በታችኛው ኦሞ ከሚገኙት የዓሣ ዓይነቶች አብዛኞቹ በዓባይ ተፋሰስ ከሚገኙት ጋር አንድ ናቸው፤ የዓባይ ፐርች የተባለው ታላቁ ዓሣ ከእነርሱ አንዱ ነው። ዓሣ በደረቅ ምድር አይሄድምና፣ ሁለቱ ውሃዎች በአንድ ወቅት ተገናኝተው እንደ ነበር ግልጽ ነው። የሥነ ምድር ተመራማሪዎች እንዳስረዱት፣ ከዛሬ 5,000 ዓመት ገደማ በፊት ባበቃው የዝናም ዘመን የቱርካና ሐይቅ ከዛሬው እጅግ ከፍ ብሎ፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል ሞልቶ ወደ ሶባት፣ በሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይፈስስ ነበር። ዛሬም ቢሆን የካፋ ደጋ የሁለት ተፋሰስ ጫፍ ነው፤ ከምሥራቁ የሚወርደው ጅረት በጎጀብ ወደ ኦሞ ሲሄድ፣ ከምዕራቡ የሚወርደው በባሮና በአኮቦ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል።

ወደ መንግሥቱ ታሪክ ስንመለስ፣ ካፋን በስም መያዝና በእጅ መያዝ የተለያዩ ነገሮች እንደ ነበሩ እናገኛለን። በ1881 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው ባነገሡ ጊዜ የሰጡት ማዕርግ የጎጃምና የካፋ ንጉሥ የሚል ነበር። ነገር ግን በሰኔ 1882 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእምባቦ ጦርነት በሸዋው ንጉሥ በምኒልክ ድል ስለ ሆኑ፣ ከዓባይ በስተደቡብ ያለው አገር ሥልጣን ወደ ሸዋ ተሻገረ። ካፋ ግን ከዚያ በኋላ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል በራሷ ንጉሥ ተዳድራለች። ጅማ በአባ ጅፋር ጥበብ ግብር እየከፈለች ከጥፋት ስትድን፣ የመጨረሻው የካፋ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለመገበር አልፈቀደም።

በ1897 ወደ ካፋ የዘመተው ጦር ከአንድ አቅጣጫ አልመጣም። ዋናውን ጦር የመሩት ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ ደጃዝማች ተሰማ ናደውና ደጃዝማች ደምሰውም በየበኩላቸው ገቡ፤ የጅማው አባ ጅፋርም በረዳትነት ተሰለፉ። ጎጀብ የሰሜኑን በር ቢጠብቅ እንኳ፣ ከምዕራብና ከምሥራቅ ለሚመጣው ጦር እንቅፋት ሊሆን አይችልም። አንዳንድ ጸሐፊዎች የካፋ መንግሥት ብዙ መቶ ዓመት ሳይደፈር የኖረው በወንዙና በጉድጓዱ ምክንያት ነው ይላሉ፤ ይህ አባባል እስከ ተወሰነ ድረስ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጉድጓድ የሚያስቆመው ፈረሰኛን ነው፤ ወንዝም የሚያስቆመው ክረምት እስኪያልፍ መቀመጥ የማይችለውን ጦር ነው። በሺሕ የሚቈጠር ጠመንጃ የያዘና ከያዘው አገር እየተቀለበ ለወራት የሚሰነብት ሠራዊት ሲመጣ ሁለቱም ከንቱ ሆኑ።

ምሽግ ሊሆን ያልቻለው ክረምት ለንጉሡ መሸሸጊያ ሆነለት። ሠራዊቱ አገሩን ከያዘ በኋላም ጋኪ ሸሮቾ በደኑ ውስጥ እየተዘዋወረ፣ የዝናሙን ወራት አሳልፎ፣ የተማረከው በ1890 ዓመተ ምሕረት መባቻ፣ በመስከረም ነው። የካፋ ሽማግሌዎች ያቆዩትና ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር የመዘገበው ትውፊት እንደሚለው፣ ምርኮኛው ንጉሥ ጎጀብን ሲሻገር የንግሥና የወርቅ ቀለበቱን ከጣቱ አውልቆ ወደ ውሃው ጣለ፤ የካፋ ነገሥታት ዘመን አብቅቷልና ቀለበቱም በጎጀብ ሥር ይቅር ማለቱ ነበር። ነገሩ በትክክል እንዲህ ተፈጽሞ እንደ ሆነ የሚያረጋግጥ ሌላ ማስረጃ ማቅረብ አስቸጋሪ ነው። ቢሆንም ሕዝቡ የመንግሥቱን ፍጻሜ በጦር ሜዳ ወይም በምርኮው ስፍራ ሳይሆን በወንዙ መካከል ማስቀመጡ፣ ጎጀብ በካፋ ሰው ልብ ምን እንደ ነበረ ከማናቸውም መዝገብ ይልቅ ያስረዳል። ጋኪ ሸሮቾ ወደ ዙፋኑ ሳይመለስ በ1919 ዐረፈ። ዘውዱ ግን ሌላ መንገድ ሄደ፤ ዐፄ ምኒልክ ለአማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጥተውት ወደ ስዊስ አገር ከተወሰደ በኋላ፣ በ1954 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል።

ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚነገረው ከዚህ ሁሉ ያነሰ ይመስላል። ካፋ በሩቅ አገር ገበያ የታወቀችው በቡናዋ፣ በማሯ፣ በዝባዷና፣ መናገሩ ቢያሳዝንም፣ በባሪያ ንግድ ነበር፤ የሕዝቡም ዋና ምግብ እንሰት ሆኖ ከከብት ወተትና ሥጋ ጋር ይበላ ነበር። እንሰት ዝናም ቢዘገይም የማይከዳ ተክል ስለ ሆነ፣ ሰው ለረኃብ ዘመን ወደ ወንዝ የሚሄድበት ምክንያት አነስተኛ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ እንደ ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ዓሣ ለማጥመድ የተለየ ወገን በካፋ ያልተነሣውም፣ ከሌላው ምክንያት ጋር፣ በዚህ የተነሣ ይመስላል። ደግሞም እንዲህ ባለ ቁልቁል በሚወርድ ጅረት ታንኳ አይቀዝፉበትም፤ መረብም በክረምት በግንድ ይበጣጠሳል።

ለእንዲህ ያለ ውሃ የሚስማማው፣ በኢትዮጵያ በብዙ ስፍራ የታወቀው ዘዴ ብርብራ ነው። ብርብራ በካፋና በጅማ ደኖች የሚበቅል፣ ገበሬው ለቡና ጥላ ብሎ የሚጠብቀው የአገር ዛፍ ነው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ ዱቄቱም ውሃው ዝግ ብሎ በተኛበት ስፍራ ይበተናል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮተኖን የተባለ ንጥረ ነገር ዓሣው በስንጥቡ የሳበውን አየር አካሉ እንዳይጠቀምበት ስለሚከለክል፣ ዓሣው ደንዝዞ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሰዎችም በእጅና በቅርጫት ይለቅሙታል። ይህ ሥራ በሙላት ጊዜ አይሆንም፤ ውሃው መድኃኒቱን ጠርጎ ይወስደዋልና። ስለዚህ የብርብራ ወራት የመልካ ወራት ነው፤ ነጋዴው ወንዝ በሚሻገርበትና ጦር በሚዘምትበት በዚያው በበጋ ይሠራበታል።

የዘዴው ጉዳት ትልቁን ከትንሹ አለመለየቱ ነው። በጣና ገባር ወንዞች፣ በጉማራና በርብ፣ በዝናሙ ወራት ለመራባት ሽቅብ የሚወጡት የባርበስ ዓሦች በመረብና በብርብራ ስለ ተጠመዱ፣ ከ1990ዎቹ ወዲህ ቁጥራቸው እጅግ ማነሱን የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ገልጸዋል። የጎጀብም ዓሦች በብዛት ከዚሁ ወገን ናቸው። በ1995 ዓመተ ምሕረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 315 ዓሣ ማስገርን በሕግ ለመምራት የታወጀ ነው፤ ነገር ግን በደን ውስጥ ባለ ጅረት የተበተነ አንድ እፍኝ ዱቄት ማን እንደ በተነው ለማወቅ ለማንም ዳኛ ቀላል አይደለም።

ስለ ትራውትም አንድ ቃል መጨመር ይገባል፤ የካፋ ጅረቶች ጥራትና ፍጥነት ይህን የቀዝቃዛ አገር ዓሣ ሊያሳስብ ይችላልና። ትራውት በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የለም። እንግሊዞች በ1905 ከስኮትላንድ ወደ ኬንያ ተራሮች አምጥተውት ነበር፤ ከኬንያም በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ወደ ባሌ ተወስዶ በዌብ፣ በዳንካና በሻያ ወንዞች ተለቀቀ፤ በዚያም ተራብቶ ለመንጠቆ አጥማጆች መዝናኛ ሆነ። የባሌ ወንዞች ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚገኝ ውርጫማ አምባ የሚወርዱ ናቸው። የትራውት ዕንቍላል በደንብ የሚፈለፈለው የውሃው ሙቀት ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በማይበልጥበት ስፍራ ስለ ሆነ፣ በቦንጋ ዙሪያ ያለው ለብ ያለ የደን ውሃ፣ ምንም ጥሩ ቢሆን፣ ለትራውት መራቢያ አይስማማውም።