ባዶ አዳራሽ የወለደው ቡድን

ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ባዶውን በሚያመሽበት ዕለት ሁሉ ለባለቤቱ ኪሳራ ነው። ስመ ጥሩው የቦስተን ሴልቲክስ የቅርጫት ኳስ ቡድን የተወለደውም ከዚሁ ቀላል ሒሳብ ነው። በ1946 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ከተሞች የሚገኙ አዳራሾች ባለቤቶች፣ የበረዶ ላይ ሆኪ በማይኖርባቸው ምሽቶች ወንበሮቻቸው ገቢ እንዲያስገኙ በማሰብ አዲስ ሊግ አቋቋሙ። ከእነርሱም አንዱ የቦስተን ጋርደን ኃላፊ ዋልተር ብራውን ነበር። ሊጉ በ1949 ከተፎካካሪው ጋር ተዋሕዶ ኤን.ቢ.ኤ. የሚለውን ስም ያዘ።

ጅምሩ የቁጠባ ዘመን ነበር። ጦርነቱ ባስከተለው የእንጨት እጥረት ምክንያት የመጫወቻው ወለል ከአጫጭር የኦክ ጣውላዎች ተገጣጥሞ ተሠራ፤ ችግር የወለደውም ንድፍ ኋላ የቡድኑ መለያ ሆነ።

ብራውን በ1950 ሬድ አውርባክን በአሠልጣኝነት ቀጠረ። በዚያው ዓመት ቡድኑ የመረጠው ቸክ ኩፐር፣ በሊጉ ዓመታዊ የተጫዋቾች ምርጫ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። በ1956 ደግሞ አውርባክ ሁለት ተጫዋቾችን ለሴንት ልዊስ ቡድን አሳልፎ በመስጠት ቢል ራስልን አገኘ። የራስል ችሎታ ነጥብ ከማስቆጠር ይልቅ የተቃራኒን ውርወራ በማክሸፍና ከቀለበቱ የተመለሰውን ኳስ በመንጠቅ ላይ ያመዘነ ነበር። ከ1957 እስከ 1969 በነበሩት 13 የውድድር ዘመናት ቡድኑ 11 ጊዜ፣ ከእነዚህም ውስጥ 8 ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። ራስልም በ1966 የሊጉ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ለመሆን በቃ።

ይሁን እንጂ ድሉ ገበያ አላስከተለም። በዚያው አዳራሽ ሽንፈት የበዛበት የሆኪ ቡድን ወንበሮቹን ሲሞላ፣ ሻምፒዮኑ ብዙ ጊዜ በከፊል ባዶ አዳራሽ ይጫወት ነበር። ራስል የዘረኞችን ስድብ ከመታገሡም በላይ መኖሪያ ቤቱ ተሰብሮ ንብረቱ ተበላሽቶበታል። በ1972 የ6 ቁጥር መለያው በክብር ሲሰቀል፣ ሥርዓቱ በሩ ለሕዝብ ሳይከፈት በጓዶቹ ፊት ብቻ እንዲፈጸም ያደረገው ራሱ ነበር።

ንግዱ የደመቀው ከዚያ በኋላ ነው። ላሪ በርድ በ1979 ሲመጣ አዳራሹ ሞላ፤ በ1986 የቡድኑ ድርሻ በከፊል በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ለሕዝብ ቀረበ። በ2002 በ360 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ይኸው ቡድን፣ በ2024 18ኛውን ዋንጫ ካነሣ በኋላ፣ በ2025 ሲሸጥ 6.1 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ።

ብራውን ግን ይህን ሀብት ሳያይ በ1964 ዐርፏል። የራስል ሐውልት በቦስተን የቆመውም በ2013፣ ጨዋታ ካቆመ ከ44 ዓመታት በኋላ ነው። ሥራው የሚያፈራበትና ሠሪው የሚመሰገንበት ቀን ሁልጊዜ አይገጣጠሙም፤ ሴልቲክስን ያቆሙት ሰዎች ግን ያን ቀን ሳይጠብቁ ሠርተዋል።