ሌሊት የሚኮመጥጠው ቅጠል

እ.ኤ.አ. በ1813 በህንድ ይኖር የነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ ቤንጃሚን ሄይን፣ በጻፈው ደብዳቤ አንድ እንግዳ ነገር አስታወቀ። አንድ ወፍራም ቅጠል ያለው ተክል ማለዳ ሲቀመስ ክፉኛ ይኮመጥጣል፤ ቀትር ላይ ጣዕም አይኖረውም፤ ወደ ማታ ግን መምረር ይጀምራል። ተክሉ በኢትዮጵያ የባህል ሐኪሞች ዘንድ የታወቀው የእንዳሁላ የቅርብ ዘመድ ነው። የማለዳው ጣዕምም እምቧጮ ያኘከ እረኛ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነበር። ደብዳቤው በ1815 ታተመ። ለዚህ ግኝት ሄይን የተጠቀመበት መሣሪያ የገዛ ምላሱ ብቻ መሆኑ ዛሬም ያስደንቃል።

ኩምጣጣውን ያመጣው በዋናነት ማሊክ አሲድ ነው፤ በስዊድን ይሠራ የነበረው መድኃኒት ቀማሚ ካርል ሼሌ በ1785 ከፖም ጭማቂ ለይቶ ያወጣው ውሁድ። ምሥጢሩ በየደረጃው የተፈታው ግን ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘመናት ነው። እንደ ቁልቋልና እሬት ያሉ የደረቅ አገር ዕፅዋት፣ ውኃ እንዳይተንባቸው ቀን ቀን የቅጠላቸውን ቀዳዳ ይዘጋሉ። ሌሊት ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገቡና በማሊክ አሲድ መልክ ያከማቻሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ አሲዱን ሰብረው ስኳር ይሠሩበታል። ስለዚህም ነገሩ ለረጅም ጊዜ የበረሃ ብልሃት ተደርጎ ተቆጠረ።

ይህን አስተያየት ያናጋው ውኃ ውስጥ የሚኖር ተክል ነው። አሜሪካዊው ጆን ኪሊ በ1981 ባሳተመው ጥናት፣ በካሊፎርኒያ ኩሬዎች ተውጦ የሚያድግ የኢሶኤቴስ ዝርያ ሌሊት ሌሊት አሲድ እንደሚያጠራቅም አመለከተ። ውኃ ውስጥ የሚኖር ተክል ውኃ የሚቆጥብበት ምን ምክንያት አለው? ችግሩ ጥማት ሳይሆን የካርቦን ረሃብ ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት በአሥር ሺህ ጊዜ ያህል ዘግይቶ ነው፤ በኩሬው ያሉት ተክሎችና አልጌዎችም ያለውን ቀን ቀን ይሻሙበታል። ሌሊት ግን ተሻሚ የለም።

ሊኔየስ በ1753 የመዘገበው የሰሜን አውሮፓው ኢሶኤቴስ ላኩስትሪስ ደግሞ ኑሮው የባሰ ነው። የሚገኘው ንጥረ ነገር በራቃቸው ጥርት ባሉ ሐይቆች ወለል ላይ ነው። ካርቦኑን በአብዛኛው በሥሩ ከደለሉ ይስባል፤ በቅጠሉ ውስጥ ባሉት አራት የአየር ቧንቧዎችም ወደ ላይ ያሻግረዋል። ሌሊት እርሱ ራሱ የሚተነፍሰው እንኳ አይባክንም፤ አሲድ ሆኖ እስኪነጋ ይቆያል። እንግዲህ ውሁዱ ከፖም ጀምሮ በየፍራፍሬው የሚገኝ ተራ ነገር ነው፤ ብርቅ የሆነው ተክሉና የሚኖርበት ሐይቅ ነው።

ብርቅነቱም እየጨመረ ሄዷል። ከእርሻ ማዳበሪያና ከቤት ፍሳሽ የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ወደ ሐይቅ ሲገባ፣ ፈጥነው የሚያድጉ አልጌዎች ብርሃኑን ይጋርዱታል፤ ዝግተኛው ኢሶኤቴስ ከእነርሱ ጋር መሽቀዳደም አይችልም። ለሌላው ሲሳይ የሆነው ለእርሱ ሞት ነው። በቼክ አገር ፕሌሽኔ በተባለ ሐይቅ የደረሰው ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥፋት ነበር። በሃያኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከድንጋይ ከሰል ጭስ የመጣው የአሲድ ዝናብ ውኃውን መርዞ፣ የሟሟው አሉሚኒየም የኢሶኤቴስ ኤኪኖስፖራን ቡቃያዎች ፈጀ። አሮጌዎቹ ተክሎች ብቻ ተተኪ ሳይኖራቸው ለአሥርተ ዓመታት ቆዩ፤ አዲስ ቡቃያ እንደገና የታየው የጭሱ ልቀት ከተቀነሰና ውኃው ማገገም ከጀመረ በኋላ ነው።

በጀርመን ጥቁር ደን፣ በፌልድበርግ ተራራ ግርጌ ባለው ፌልድዜ ሐይቅ ሁለቱም ዝርያዎች አሉ። ለእነርሱ ሲባል መንገደኛው ሐይቁን በእግሩ መዞር ይፈቀድለታል፤ ገብቶ መዋኘት ግን ክልክል ነው።