ማን ይታጠቅ? ማንስ ይሠልጥን? የአሜሪካ ሽጉጥ ታሪክ ሁለት ጥያቄዎች

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከቀረበ የታሪክ ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሳችን በአሜሪካ አንድ ሰላማዊ ሰው ራሱን ለመጠበቅ ሽጉጥ ታጥቆ የመሄዱ ልማድ ከየት እንደመጣ፣ የአያያዝ ሥልጠናውስ ከመብቱ ጋር እንዴት እንደተጓዘ የሚመረምር ነው። ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ቢመስልም እስከ ቤታችን ይዘልቃል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቴክሳስ፣ በጆርጂያና በሚኒሶታ ዘመድ የሌለው ሰው በዚህ አዳራሽ ጥቂት ይመስለኛል። ከእነዚያ ዘመዶቻችን መካከል ሌሊት ታክሲ የሚያሽከረክር፣ እስከ ንጋት በነዳጅ ማደያ ወይም በሱቅ የሚሠራ ብዙ ነው። «ሽጉጥ ልያዝ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚለው ጥያቄ ለእነርሱ የዕለት ጥያቄ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ በመጨረሻ ላይ ከማነሣው የአገራችን አዋጅ ቁጥር በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላቀርብ የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ማን እንዲታጠቅ ይፈቀድለት?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «የታጠቀው ሰው መሣሪያውን ያውቀዋልን?» የሚል ነው። በመነሻው ላይ ሁለቱ በአንድ ሕግ የተያያዙ ነበሩ፤ እየዋለ እያደረ ግን ተለያዩ። የመጀመሪያው ጥያቄ የፍርድ ቤቱንና የአደባባዩን ክርክር ሁሉ ሲወስድ፣ ሁለተኛው ለጥቂት አስተማሪዎችና ለየሰዉ ኅሊና ቀረ።

መነሻውን እንይ። በእንግሊዝ አገር በንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ዘመን፣ በ1328 የወጣው የኖርዛምፕተን ሕግ ሰው በገበያና በዳኞች ፊት ታጥቆ እንዳይገኝ ይከለክል ነበር። በ1689 የወጣው የእንግሊዝ የመብቶች ድንጋጌ ደግሞ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታዮች ሕግ በሚፈቅደው መጠን ለመከላከያ መሣሪያ እንዲኖራቸው ፈቀደ። የአሜሪካ ሕግ ከዚህ መከልከልም ከዚህ መፍቀድም ወርሷል። በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ መሣሪያ የመያዝን መብት ያነሣው በሥርዓት ከሠለጠነ የሕዝብ ጦር ጋር አያይዞ ነው። በ1792 የወጣው የሚሊሺያ ሕግም ይህንኑ በዝርዝር አስቀመጠ። ዕድሜው ከ18 እስከ 45 የሆነ፣ አካሉ የጠና፣ ነፃ የሆነ ነጭ ወንድ ዜጋ ሁሉ በራሱ ወጪ ጠመንጃ፣ ሳንጃ፣ ሁለት ትርፍ ባልጩትና ለሙስኬቱ ከ24 የማያንስ ጥይት እንዲያሰናዳ፣ ለልምምድ በተጠራ ጊዜም ይህንኑ ታጥቆ እንዲገኝ ታዘዘ። በዚህ ሕግ ውስጥ መታጠቅና መልመድ አንድ ግዴታ ናቸው። ይሁን እንጂ «ነጭ» የምትለው ቃል ልብ ልትባል ይገባታል፤ ወደ እርሷ እንመለሳለን።

ያ ሕግ ስለ ጠመንጃ የተጻፈ ነበር፤ ጠመንጃ ደግሞ አይሸሸግም። ነገሩን የለወጠው በኪስና በብብት የሚያዘው ሽጉጥ ነው። ሳሙኤል ኮልት ጥይት የሚጎርሰው ክፍሉ እየተሽከረከረ ደጋግሞ የሚተኩሰውን ሽጉጥ በ1836 በአሜሪካ በስሙ አስመዘገበ። ሄንሪ ደሪንጀር የሠራት በመዳፍ የምትሸፈን ሽጉጥ ደግሞ በሚያዝያ 1865 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የተገደሉባት መሣሪያ ሆነች። ሕግ አውጪዎች የተሸሸገ መሣሪያን ከዚያ አስቀድመው ይፈሩት ነበር። ኬንታኪና ሉዊዚያና በ1813 መሣሪያ ሸሽጎ መያዝን ከለከሉ። የዘመኑ አስተሳሰብ በግልጽ የሚታጠቀውን ቅን ሰው፣ የሚሸሽገውን ደግሞ ሸማቂ አድርጎ የሚቆጥር ነበር። የኬንታኪ ፍርድ ቤት ክልከላውን በ1822 ቢሽረውም፣ ግዛቲቱ በ1850 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ መሣሪያ መሸሸግን የመከልከል ሥልጣን ለምክር ቤቷ ሰጠች።

በሲኒማ የምናውቀው የምዕራቡ ምድርም ሁሉ ሰው እንደልቡ የሚታጠቅበት አልነበረም። በካንሳስ የምትገኘው ዶጅ ሲቲ በ1870ዎቹ በከተማዋ ውስጥ መሣሪያ መያዝን ከልክላ ነበር። የአሪዞናዋ ቱምስቶን በ1881 ተመሳሳይ ደንብ አወጣች። በዚያው ዓመት ጥቅምት 26 ቀን የተደረገውና ሦስት ሰዎች የሞቱበት ዝነኛ የኦኬ ኮራል ተኩስ የተነሣውም የከተማዋ ሹም ቨርጂል ኧርፕ ደንቡን የጣሱ ሰዎችን ትጥቅ ለማስፈታት በሄደ ጊዜ ነው።

አሁን ወደዚያች ቃል እንመለስ። የፈቃድ ታሪክ የፀጥታ ታሪክ ብቻ አይደለም። ባርነት በተሻረበት በ1865 የሚሲሲፒ ምክር ቤት ነፃ የወጡ ጥቁሮች ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዙ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ፈቃድ ሰጪው ማን እንደነበረ መገመት አያስቸግርም። ከ90 ዓመት በኋላም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ጥር 30 ቀን 1956 በሞንትጎመሪ፣ አላባማ የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት በቦምብ ተመታ። ባለቤታቸውና ሕፃን ልጃቸው ቤት ውስጥ ነበሩ። ዶክተር ኪንግ ራሳቸውን ለመጠበቅ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ጠየቁ፤ ተከለከሉ። ቤቱ በቦምብ የተመታበት ሰው ፈቃድ ከተከለከለ፣ ፈቃዱ የሚመዝነው የጠያቂውን አደጋ ሳይሆን የጠያቂውን ማንነት ነበር ማለት ነው። በ1911 በኒው ዮርክ የወጣውና ለሽጉጥ ፈቃድን ግዴታ ያደረገው የሱሊቫን ሕግም ውሎ አድሮ ውሳኔውን ለባለሥልጣን ምርጫ በመተዉ ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል። ስለዚህ ፈቃድን የሚቃወም ሰው ሁሉ ሥርዓት አልባነትን የሚሻ ነው ማለት ታሪኩን አለማወቅ ነው።

የሥልጠናው ታሪክ በሌላ መንገድ ሄደ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ዊልያም ቸርችና ጆርጅ ዊንጌት የተባሉ የሰሜኑ ወገን መኮንኖች በ1871 ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበርን በኒው ዮርክ መሠረቱ። ምክንያታቸው ፖለቲካ አልነበረም፤ ወታደሮቻቸው ዒላማ መምታት አለመቻላቸው ነበር። ማኅበሩ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዋና ሥራው የዒላማ ተኩስ ማስተማርና ማወዳደር ነበር። በ1949 ከኒው ዮርክ ግዛት ጋር የአዳኞችን የጥንቃቄ ትምህርት አስጀመረ፤ ይህ ትምህርት በኋላ በመላ አገሪቱ ተስፋፍቷል። በ1975 ማኅበሩ ሕግ ነክ ጉዳዮችን የሚከታተል ክፍል አቋቋመ። በ1977 በሲንሲናቲ በተደረገው ጉባኤ ደግሞ አባላቱ ነባሩን አመራር አውርደው ድርጅቱን ወደ መብት ትግል አዞሩት። ማስተማሩ አልቆመም፤ የማኅበሩ ስም ከዚያ ወዲህ የሚነሣው ግን ከማስተማሩ ይልቅ በክርክሩ ነው።

በዚያው ዘመን የሽጉጥን ትምህርት መልክ ያስያዙት የቀድሞው የባሕር ወለድ ጦር መኮንን ጄፍ ኩፐር ናቸው። ኩፐር በ1976 በአሪዞና ለሰላማዊ ሰዎች ጭምር የሚያስተምር የሽጉጥ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራባቸውን አራት የጥንቃቄ ሕጎችም በአጭሩ ቀረጹ። አንደኛው ማንኛውንም መሣሪያ ጥይት እንደጎረሰ መቁጠር ነው። ሁለተኛው ሊመቱት ወደማይሹት ነገር አፈሙዝ አለማዞር ነው። ሦስተኛው ለመተኮስ ተወስኖ ዒላማ እስኪያዝ ድረስ ጣትን ከምላጩ ማራቅ ነው። አራተኛው ዒላማውንና ከዒላማው በስተኋላ ያለውን ለይቶ ማወቅ ነው።

እነዚህ ሕጎች ቀላል ቢመስሉም አንዱ የሌላውን ጉድለት እንዲሸፍን ሆነው የታሰቡ ናቸው። መሣሪያው ባዶ ነው ብሎ የተሳሳተ ሰው አፈሙዙን ወደ ሰው ካላዞረ ማንም አይሞትም። አፈሙዙ ቢስት እንኳ ጣቱ ከምላጩ ውጭ ከሆነ ተኩሱ አይኖርም። በስሕተት ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ሁለትና ከዚያ በላይ ሕጎች በአንድ ጊዜ ሲጣሱ ነው። ለምሳሌ የዘመናዊ ሽጉጥ ካዝና ቢወጣም በርሜሉ ውስጥ አንድ ጥይት ጎርሶ ሊቀር ይችላል። ካዝናውን አውጥቶ «ባዶ ነው» የሚል ሰው ይህን ካልተማረ ለራሱም ለቤተ ሰቡም አደጋ ነው። ይህን ዕውቀት ሰው ከልማድና ከትምህርት ያገኘዋል እንጂ የባለቤትነት መብቱ አይሰጠውም።

ሁለቱ ጥያቄዎች ለጥቂት ጊዜ እንደገና የተገናኙት በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ነው። ፍሎሪዳ በ1987 መስፈርቱን ያሟላ ሰው ሁሉ ሽጉጥ ሸሽጎ የመያዝ ፈቃድ እንዲያገኝ ደነገገች። ባለሥልጣን እንደ ወደደ መከልከሉ ቀረ፤ ከመስፈርቶቹ አንዱም መሣሪያ መያዝን መማር ሆነ። በዚህ መንገድ የዶክተር ኪንግ ዓይነት በደልም ያልሠለጠነ እጅም በአንድ ሕግ መልስ አገኙ ለማለት ይቻላል።

የቴክሳስ ታሪክ ደግሞ የተከተለውን ለውጥ ጠቅልሎ ያሳያል። ጥቅምት 16 ቀን 1991 በኪሊን ከተማ አንድ ታጣቂ ሉቢ በተባለ ምግብ ቤት 23 ሰዎች ገደለ። ከሟቾቹ መካከል የሱዛና ሃፕ አባትና እናት ነበሩ። ሃፕ ሽጉጥ ነበራቸው፤ በወቅቱ ሕግ ይዘው መግባት ስለማይችሉ ግን መኪናቸው ውስጥ ትተውት ነበር። ከዚያ በኋላ በየምክር ቤቱ ቀርበው ምስክርነት ሰጡ። በ1995 ገዥው ጆርጅ ደብሊው ቡሽ የፈረሙት ሕግ ለቴክሳስ ነዋሪዎች የመያዝ ፈቃድን ከፈተ፤ ከ10 እስከ 15 ሰዓት ሥልጠናንም አስገዳጅ አደረገ። በ2013 ሥልጠናው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ዝቅ አለ። በ2021 ደግሞ ፈቃዱም፣ ከፈቃዱ ጋር የተያያዘው ሥልጠናም ግዴታ መሆናቸው ቀረ። በ26 ዓመት ውስጥ ከ15 ሰዓት ወደ ዜሮ ማለት ነው።

ቴክሳስ ብቻዋን አልነበረችም። ቨርሞንት ከጥንትም ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም፤ አላስካ በ2003፣ አሪዞና በ2010 ተከተሏት፤ በ2024 ያለ ፈቃድ መያዝን የሚፈቅዱት ግዛቶች 29 ደረሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2008 በሄለር ጉዳይ በቤት ውስጥ ሽጉጥ የመያዝ መብት የግለሰብ መሆኑን ፈረደ። በ2022 በብሩን ጉዳይ መብቱ ከቤት ውጭም እንደሚሠራ ወሰነ፤ የኒው ዮርክን የባለሥልጣን ምርጫም ሻረ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ፍርድ ቤቱ በሄለር ውሳኔ በሁለተኛው ማሻሻያ ውስጥ ያለውን የ«ሥርዓት» ቃል በሥልጠናና በዲሲፕሊን ፈትቶታል። በብሩን ውሳኔም የሥልጠናን መስፈርት አልነቀፈም። ሥልጠናን የተዉት ግዛቶች ስለዚህ ይህን ያደረጉት በራሳቸው ምርጫ ነው፤ ፍርድ ቤት አላስገደዳቸውም።

የዚህን ምርጫ ትርጉም ከወገኖቻችን በላይ የሚያየው የለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢ አንድ ከተማ ይመስላል፤ ሕጉ ግን ሦስት ነው። በቅርብ ዓመታት በነበረው ደንብ ዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ለፈቃድ 16 ሰዓት ትምህርትና 2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ይጠይቃል። ሜሪላንድም 16 ሰዓት ትጠይቃለች። ቨርጂኒያ ግን ሥልጠናው በአካል እንዲሆን ከማዘዝ በቀር የሰዓት ቁጥር አልወሰነችም። በአሌክሳንድሪያ በፈቃድ የታጠቀ ሾፌር ተሳፋሪ ጭኖ የፖቶማክን ድልድይ ሲሻገር ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል። ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ የሌለው፣ በጊዜያዊ ቪዛ የሚኖር ሰው ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር መሣሪያ መያዝ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው።

በመጨረሻ አንድ መራራ ቁጥር ልጨምር። በ2021 በአሜሪካ 48,830 ሰዎች በመሣሪያ ሞተዋል። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ሽጉጥ የሚገዛ ሰው የሚያስበው በሩን ሰብሮ ስለሚገባ ባዕድ ነው። ቁጥሩ የሚነግረን ግን መሣሪያው ብዙ ጊዜ የሚዞረው በዚያው ቤት ባለ ያዘነ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ላይ መሆኑን ነው። ስለዚህ እውነተኛ ሥልጠና የሚጀምረው ከማነጣጠር ሳይሆን ከመቆለፍ ነው። መሣሪያው የት ይቀመጣል? ቁልፉ በማን እጅ ነው? ቤት ውስጥ ልጅ ወይም በጭንቀት ላይ ያለ ሰው ሲኖርስ ለጊዜው ወዴት ይወሰዳል? እነዚህን ጥያቄዎች ያላነሣ አስተማሪ ተኩስ አስተምሮ ሊሆን ይችላል፤ ጥበቃን ግን አላስተማረም።

አገራችንም በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ን አውጥታለች። የእኛ ታሪክ ከአሜሪካ የተለየ ስለሆነ ከዚያ የተዘጋጀ መልስ መቅዳት አይቻልም። ጥያቄዎቹን መዋስ ግን ይቻላል። ፈቃዱ ለሚያውቁት ሰው የሚሰጥ፣ ለማያውቁት የሚነፈግ ከሆነ የሚሲሲፒን ታሪክ በሌላ ስም እንደግመዋለን። ፈቃዱ ደርሶ ሥልጠናው ከቀረ ደግሞ የመጣንበትን ሥጋት ወደ ቤታችን እናስገባዋለን። «ማን ይታጠቅ?» ብሎ በእኩልነት የሚፈርድ ሕግ በዚያው ገጽ ላይ «ማንስ ይሠልጥን?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ሕጉ ባይጠይቅ እንኳ የሚታጠቀው ሰው ራሱን ይጠይቅ።